ወባ በነፃ ከታከመ ጤና መድን ለምን እከፍላለሁ?

(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። «ይኼ የጤና ሰዎች ሥራ አይደለም ወይ? የግብርና ሱፐርቫይዘር ምን አገባው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስቀየረኝን ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዳዩ እንገባለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በየካቲት ወር በአንድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የማዳበሪያ ክፍያውና የጤና መድን እድሳቱ በአንድ ሳምንት ገጠመ። አንድ ጎበዝ አርሶ አደር፣ በክረምት ሩዝ በበጋ ሽንኩርት የሚያመርት ሰው፣ ተነሥቶ «ሁለቱን ባንድ ጊዜ አልችልም፤ የቱን ላስቀድም?» አለኝ። እኔም ሳላመነታ «ማዳበሪያውን አስቀድም። መድኑ ይደርሳል። እኛ አገር ዋናው በሽታ ወባ ነው፤ እሱ ደግሞ በነፃ ይታከማል» አልኩት። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹ እውነትም ነበር።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ትንሹ ልጁ ትኩሳት ያዘው። ሁለት ቀን «ብርድ ነው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ልጁ አንቀጠቀጠውና ራሱን ሳተ። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ከባድ ወባ ነው ተባለና ወደ ሆስፒታል ተላከ። ደሙ ስላለቀ ደም ተሰጠው፤ ስምንት ቀን ተኛ። ለወባው መድኃኒት የተከፈለ ገንዘብ አልነበረም። ያስከፈለው ሌላው ነው፤ ካርዱ፣ አልጋው፣ በየቀኑ የሚታዘዘው ላብራቶሪ፣ ግሉኮሱ፣ ከወባው ጋር አብሮ ለተገኘው የሳንባ ምች የታዘዘው መርፌ። አባትየው ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጠ። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ድኗል። ጥማዱ ግን ፈረሰ። በበጋው ሽንኩርት ለመትከል ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገባ፤ ተራው እስኪደርሰው ማሳው ዘገየ፤ ሽንኩርቱ የደረሰው ገበያው ከሞላና ዋጋው ከወደቀ በኋላ ነበር። ያስቀደመው ማዳበሪያ በስተመጨረሻ ምን እንደጠቀመው እናንተ አስሉት። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ እዚህ የቆምኩት የጤና ባለሙያ ሆኜ ሳይሆን ያን ምክር ለማረም ነው።

መጀመሪያ በነፃ የሚሰጠውን በደንብ እንለየው። በጤና ኬላ የወባ ምርመራና የወባ መድኃኒት ይሰጣል፤ አይከፈልበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣታችሁን ወግታ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱን ትነግራችኋለች። ወባ ከሆነ መድኃኒቱን እዚያው ትሰጣችኋለች። ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሄዳችሁ አብዛኛው ወባ እዚያው ያበቃል። የመድን ካርድ ኖራችሁም አልኖራችሁም ይህ በር ክፍት ነው። «መድን ስለሌለኝ አልሄድም» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ንገሩት።

ሆኖም ሦስት ነገሮች ከዚህ በር ውጭ ይቀራሉ። አንደኛው፣ የሚያተኩስ ነገር ሁሉ ወባ አይደለም። ምርመራው «ወባ የለም» ካለ ትኩሳቱ የሳንባ ምች፣ የአንጀት ተስፎ፣ የሽንት ቧንቧ ችግር ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህን መለየትና ማከም ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ከባድ ወባ ከመድኃኒቱ በላይ ብዙ ነገር ይፈልጋል፤ አሁን የነገርኳችሁ ልጅ ማስረጃ ነው። ሦስተኛው ቤተሰቡ ነው። ወባ በያዛችሁ ዓመት አባት የጨጓራ ሕመም ሊነሣበት፣ ልጅ ከዛፍ ሊወድቅ ይችላል። በሽታ ተራ ጠብቆ አይመጣም። ጤና መድኑ የተሠራው ለእነዚህ ነው።

ስለ ወባው ራሱ ጥቂት ልበል። ሜዳችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለ ቦታ ስለሆነ እኛ በደንብ ውስጡ ነን። ዋናው ጊዜ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አንዳንድ ዓመት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔም ያገረሻል። አስተውላችሁ ከሆነ የመጀመሪያው አጨዳ ነው፤ ሁለተኛው እርሻና ዘር ነው። አንድ ሰው ሲታመም ደግሞ ከሥራ የሚወጣው ሁለት ሰው ነው፤ በሽተኛውና አስታማሚው። የደረሰ ሩዝ ሳይታጨድ በቆየ ቁጥር ፍሬው ይረግፋል፣ ወፍም ይበላዋል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ዕድሜ የጠገቡ አባቶች በ1950 ክረምት የጀመረውን ወረርሽኝ ያስታውሳሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ በአገሪቱ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ከዚያ በኋላ በርጭቱም፣ በአጎበሩም፣ በመድኃኒቱም ብዙ ቀንሶ ነበር፤ «ወባ ጠፋች» ያልንባቸው ዓመታት ነበሩ። አሁን ተመልሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከታኅሣሥ 2016 ማብቂያ እስከ ጥቅምት 2017 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። ይህ በሪፖርት የተመዘገበው ብቻ ነው።

አሁን ወደ መድኑ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈርና የእኛው ፎገራ ነበሩ። ስለዚህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከማንም ቀድመን ያየነው ነው። አሠራሩን ግን አሁንም በትክክል የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ሞዴል የሚባለውም ጭምር።

እድርን አስቡ። እድር ውስጥ የሚዋጣው ገንዘብ «የራሴ ሰው ካልሞተ ይመለስልኝ» ተብሎ አይጠየቅም። ሰው ሞቶበት በዚያው ዕለት «አባል ልሁን» የሚልም ቢመጣ አይመዘገብም። ጤና መድኑም እንዲሁ ነው። የወረዳው አባወራና እማወራ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ መንግሥት ድጎማ ይጨምርበታል፤ መክፈል የማይችሉትን ድሆች ማኅበረሰቡ ራሱ ይለያቸውና መዋጮአቸው በመንግሥት ይሸፈናል። ገንዘቡ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ከዚያ የወረዳው ጤና መድን ውል ለገባባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች አባላቱ በታከሙት ልክ ይከፍላል። አባሉ ሲታመም በእጁ የሚይዘው ገንዘብ ሳይሆን ካርዱን ነው።

«ሦስት ዓመት ከፈልኩ፣ አንድ ቀን እንኳ አልታመምኩም፤ ገንዘቤን በላችሁት» ያለኝ ሰው አለ። ምን ብዬ ልመልስለት? እንኳን አልታመምክ አልኩት። በልቡ ግን አልተቀበለኝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከእናንተ፣ አቅም ካላችሁት ነው። ጤነኛውና ያለው ሰው ከወጣ ቋቱ ውስጥ የሚቀረው ሕመምተኛው ብቻ ይሆናል። ያኔ ወጪው ከገቢው ይበልጣል፤ ለጤና ጣቢያው የሚከፈለው ይዘገያል፤ ክፍያ ያልደረሰው ጤና ጣቢያ ደግሞ መድኃኒት መግዣ ያጣል። እናንተ ስትወጡ ጎረቤቶቻችሁም ያዩአችኋል። ዘሩን ስትቀይሩ እንደሚቀይሩት፣ ካርዱን ስትተዉም ይተዉታል።

መዋጮው ስለሚለያይ እዚህ አንድ ቁጥር አልጠራላችሁም። ከአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ እንደሚያንስ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ችግሩ ከመጠኑ ይልቅ ጊዜው ነው። እድሳቱ የሚካሄደው አዝመራ ከገባ በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ የካቲት። በዚህ ወቅት ኪሳችሁ ውስጥ ብር አለ፣ ወባም የለችም። ሰው ደግሞ በሽታ ሳያይ ለበሽታ መክፈል ይከብደዋል። ጥቅምት ላይ ልጁ ሲያተኩስ «አሁን ልክፈል» ብሎ ቢሮጥ ምዝገባው አልፏል፤ አዲስ ለሚገባ ሰውም ካርዱ አገልግሎት እስኪጀምር የመጠበቂያ ጊዜ አለው። የእኔ ምክር፣ ያን የመጀመሪያውን ያበላሸሁትን ምክር ተክቶ፣ ይኸው ነው፤ ሩዙ ተወቅቶ የመጀመሪያው ጆንያ ገበያ የወጣ ቀን የመድኑን ገንዘብ ለዩት። ለማዳበሪያ የምታስቀምጡት ከዚያ ቀጥሎ ይሁን። ማዳበሪያ ቢጎድል ምርቱ ይቀንሳል፤ በሬው ቢሸጥ ግን እርሻው ራሱ ይቆማል።

መድኑ የማይሸፍነውንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ በኋላ «ዋሸኸን» እንዳትሉኝ። የትራንስፖርት፣ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ የእናንተ ነው። ውጭ አገር ሄዶ መታከም፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር አይሸፈንም። የግል ክሊኒክ ውል ከሌለው አይሸፈንም። እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለን። ትኩሳት ሲይዘን ከተማ ወጥተን ግል ክሊኒክ እንገባለን፤ «ታይፎይድም አለብህ፣ ታይፈስም አለብህ፣ ወባም አለብህ» እንባላለን፤ በአንድ ከረጢት መድኃኒት ይዘን እንመለሳለን። ሁሉም ክሊኒክ እንዲህ ነው አልልም። ግን ጤና ኬላው በነፃ ሊያየው የሚችለውን ነገር በብዙ ብር የገዛን ስንቶች ነን?

ሪፈሩን አትዝለሉ። በሩ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎ ሆስፒታል ይኬዳል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ካርዱን ይዞ እንኳ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ራስን የሳተ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሲሆን ግን ወረቀት አትጠብቁ፤ ወደ ቅርቡ ተቋም አድርሱት። የድንገተኛ ሕክምና ወግ ሌላ ነው።

መድኃኒት አለመገኘቱ የምታውቁት ቅሬታ ነው፤ እኔም ደርሶብኛል። እናቴን ይዤ ሄጄ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተባልኩና ካርዱን በእጄ ይዤ ከኪሴ ከፈልኩ። ተናድጄ ነበር። በኋላ ስጠይቅ ሁለት ነገር ተረዳሁ። ውል ያለው መድኃኒት ቤት ካለ ጤና ጣቢያው ወደዚያ መላክ ይችላል፤ ማዘዣውንና ደረሰኙን ይዞ ደግሞ የወረዳውን ጤና መድን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። እኔ ደረሰኙን ጥዬው ነበር። እናንተ አትጣሉ። ሌላው ደግሞ፣ በመድኑ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የየቀበሌው ተወካዮች ይቀመጣሉ። የእናንተ ተወካይ ማን ነው? አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁት። የማዳበሪያ ክፍፍል ሲሆን ማን ምን እንደወሰደ ታውቃላችሁ፤ የመድኑን ተወካይ ግን አብዛኞቻችሁ አታውቁም። መድኃኒት የጠፋበትን ምክንያት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፤ እሱን መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ካርዱ ላይ ስላለው ነገር። አባልነቱ የቤተሰብ ነው፤ ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። ከ18 በላይ የሆነ ልጅ ወይም አብሯችሁ የሚኖር ሌላ ዘመድ በተጨማሪ ክፍያ ነው የሚገባው። አዲስ የተወለደ ልጅ በእድሳቱ ወቅት ካልተመዘገበ ሲታመም ችግር ይመጣል። ስሙም በትክክል ይጻፍ። በጥምቀት ስም ተመዝግቦ በሌላ ስም የሚጠራ ልጅ ብዙ ጊዜ ካርድ ክፍሉ ላይ «ይህ ልጅ የለም» ይባላል።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለወንዶቹ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ሌሊት ጤና ጣቢያ መጣች። «ካርድ አለሽ?» ስትባል «አለ፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ባሌ ጋ ነው፤ ባሌ መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዷል» አለች። ተከፍሎበታል፤ ታድሷል፤ ግን ቁልፉ መተማ ነው። ካርዱ የቤቱ እንጂ የአባወራው አይደለም። ሴቲቱ የምታውቀው፣ የማይቆለፍ ቦታ ይቀመጥ።

መተማን ካነሣሁ፣ ወደዚያና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ለሚሄዱት ልጆቻችሁ አደራ በሏቸው። ካርዱ በዋናነት የሚሠራው ወረዳችሁ ውል በገባባቸው ተቋማት ነው፤ ስለዚህ እዚያ ሲታመሙ አስቀድመው የሚሄዱት ወደ መንግሥት ጤና ተቋም ይሁን፤ የወባ ሕክምናው እዚያም አለ። ተመልሰው ከመጡ በኋላ የወባ መድኃኒት ወስደው ሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳትና የሆድ ማበጥ ካለባቸው ካላዛር ሊሆን ይችላል። ይህ በወባ ትንኝ ሳይሆን በአሸዋ ዝንብ የሚመጣ ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። «ከመተማ ነው የመጣሁ» ብለው ለባለሙያው መናገር እንዳይረሱ።

ለአጨዳ ከደጋ ሠራተኛ የምትቀጥሩም አላችሁ። ደገኛው ወባን አይለምድም፤ ቶሎ ይወድቃል። ማሳ ዳር ማደሪያ ስትሰጡት አጎበርም ስጡት። አጎበር ስል ያየሁትን ልናገር፤ የሽንኩርት ችግኝ የሸፈነ አጎበር አይቻለሁ፤ ድርቆሽ የታሰረበት አይቻለሁ፤ ጣና ላይ ዓሣ የሚጠመድበትም አለ። የሞዴል አርሶ አደር ችግኝ በአጎበር ተሸፍኖ፣ ልጁ ያለ አጎበር ተኝቶ ሳይ ምን እንደምል አላውቅም። ለችግኙ ሣር አለው።

የመስኖ ቦያችሁንና የውኃ ማቆሪያችሁንም ተመልከቱ። የወባ ትንኝ እንቁላል ጥላ፣ እጭ ሆና፣ ለመብረር የምትደርሰው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ነው። ቦያችሁን በሳምንት አንድ ቀን ብታደርቁት ዑደቷ ይቋረጣል። በፓምፑ ሥር የሚጠራቀመውን፣ ጭቃ ተቆፍሮ የቀረውን ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ የሠራውን ኩሬ ሙሉት። ለሽንኩርቱም ሥር ቢሆን የተኛ ውኃ አይበጀውም።

መድኃኒቱን ጨርሱ። ኮአርተም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ነው፤ ከምግብ ጋር፣ ቢቻል ወተት ወይም ቅባት ካለው ነገር ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ተሽሎን ቀሪውን «ለሌላ ጊዜ» ብለን ግድግዳ ላይ እንሰካለን ወይም ለሠራተኛው እንሰጣለን። ይህ ሁለቱንም ሰው ሳያድን ይቀራል። ሌላው የወባ ዓይነት፣ ቪቫክስ የሚባለው፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ለእሱ 14 ቀን የሚወሰድ ኪኒን ከታዘዘላችሁ 14 ቀን ማለት 14 ቀን ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ሳትጠየቅም ለባለሙያው ትናገር፤ የማይሰጣት መድኃኒት አለ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ነው። በሚቀጥለው የሥልጠና ቀን የዘር አመራረጡን ስንጀምር እያንዳንዳችሁ የጤና መድን ካርዳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የታደሰበትን ዓመትና የልጆቹን ስም አብረን እናያለን። ካርድ የሌለው ሳያፍር ይምጣ፤ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ተነጋግረናል፣ እሷም ትገኛለች። የሚቻለው ሰው ከሚስቱ ጋር ይምጣ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።